መሪው እስኪደርቅ

ጀልባ ነጂው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ላጋደመው አሮጌ የእንጨት መሪ የመጨረሻውን ቫርኒሽ በካናቴራ ቁራጭ ቀብቶ ጨረሰና ወገቡን ይዞ አየው። መስታወት መስሏል። "አናጺ ለምኔ!" አለ። "እስከ ነገ ማንም እንዳይነካብኝ!"

"እኔ ምን በወጣኝ!" አለች ጠረጴዛዋን ከተቀማች ሦስተኛ ቀኗን የያዘችው ሚስቱ፣ የሾርባውን ድስት ጠርዙ ላይ እያሳረፈች። ይሄኔ እሱ "ነገ እጠግነዋለሁ" ሲል ዓመት ያስቆጠረው የጠረጴዛው እግር ከዳ። ጠረጴዛው ወደ ቀኝ ዘመመ፤ ድስቱ መንሸራተት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን ድስቱን ይይዝ ነበር። እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ውሃ ላይ የኖረ ሰው ነውና መሪውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ግራ አዞረው።

ድስቱን ሚስቱ አፈፍ አድርጋ አተረፈችው። እሱ መሪውን እንደጨበጠ ተገትሮ ቀረ፤ እጁን ቢያነሳ አሥሩም ጣቶቹ ቫርኒሹ ላይ ታትመው ሊታዩ ነው። እሷ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

"ካፒቴን" አለችው፤ "ስንደርስ ንገረኝ።"