ትናንት ምን በላችሁ?

እንሰቱን በሽታ ካጠወለገው፣ ገብሱንም ዝናብ ከከዳው ወዲህ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ያለች አንዲት ቀበሌ እርዳታ ትጠብቃለች። የሆሳዕናው ልጅ ናስረዲን ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የሰዉን ኑሮ ይጠይቃል። በአብዛኛው ቤት የሚበላ ከተገኘ ቀበሌዋ ከእርዳታ ትወጣለች። አንዴ የተላከ መልስ ደግሞ አይታረምም።

«ምንም የለንም» አሉት ወይዘሮ አስቴር፣ በመጀመሪያው ቤት። ይህን ብለው ቆጮና ጎመን አቀረቡለት። ሳህኑ ጠርዙ የተላጠ፣ መሐሉ ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት ነበር።

የቀረበን ምግብ አልፈልግም ማለት ነውር መሆኑን ናስረዲን ያውቃል። ትንሽ ቀመሰ። ወይዘሮ አስቴር የተረፈውን አንስተው በጓሮ በር ወጡ።

«ሊደብቁት ነው» አለ በሆዱ። ማየት ማመን ነው። «የሚበላ አለ» የሚለውን ነካና ላከ።

ሁለተኛው ቤት ምድጃው ላይ አመድ ብቻ ነበር። ምግብ ግን ቀረበ፤ ቀዝቅዟል። ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ ሆነ። በየቤቱ «የለንም» ይሉታል፣ በየቤቱ ቆጮ ይመጣል። ናስረዲን ተናደደ። የእውነት የተራበ ሰው ሞልቶ ሳለ የሚያስመስል ሰው አይወድም።

አቶ አበራ ቤት ሲደርስ እሱንም ርቦት ነበር።

«ትናንት ምን በላችሁ?»

«ቅቅል ጎመን። እሱም ለልጆቹ ነው» አለ አበራ።

«ይሄስ?» ናስረዲን ወደ ቀረበለት ምግብ ጠቆመ።

«ይሄማ የእንግዳ ነው፣ ወንድሜ። ብላ።»

ልጆቹ በር ላይ ቆመው እጁን በዓይናቸው ይከተላሉ። ሥርዓት አላስተማሯቸውም አለ በልቡ። እልህም ረሃብም ተጋግዘውት ቀይ አበባው እስኪታይ ጠርጎ በላ። አበራ ባዶውን ሳህን አየና ወደ ጓሮው በር ዞረ። ናስረዲን የእሱንም ቤት እንደ ሌሎቹ «የሚበላ አለ» ብሎ ላከ።

የመጨረሻው ቤት የአሮጊቷ የወይዘሮ ገነቴ ነበር። ናስረዲን ተቀምጦ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። አሮጊቷ የጓሮውን በር ደጋግመው እያዩ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። እኚህስ ከሁሉም የባሱ ናቸው ብሎ አሰበ።

«እርስዎም ምንም የለዎትም፣ እማማ?» አላቸው፣ ፈገግ እያለ።

«አፈርኩ፣ ልጄ። አበራ ቤት ሳህኑን ባትጨርሰው ኖሮ እኔም ጋ ይደርስልህ ነበር።»