ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው

ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው በዚህች ከተማ አይወደድም። እሱም አነጋገሩ እንዳያጋልጠው ለአራት ወር ከማንም ጋር ሳይጫወት ኖረ። ከታወቀበት የተከራያትን ክፍል እንኳ ያጣል። በቤተ ክርስቲያንም የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ ጸሎቱ እንዳለቀ ቀድሞ ይወጣል።

የዛሬው እሑድ ግን የጌታ እራት የሚቀርብበት ነው። ከእራቱ በፊት ምእመናኑ ጌታ እንዳደረገው ሁለት ሁለት እየሆኑ እግር ይተጣጠባሉ። ሁሉም ከወዳጁ ጋር ሲጣመር እሱ ብቻውን ቀረ። ያወለቀውን ጫማ መልሶ ሊያጠልቅ ሲል ጋሽ ዘለቀ የሚባሉት ሽማግሌ ሳፋ ይዘው መጡና ፊቱ ተንበረከኩ።

«እግርህን አምጣ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን አፍንጫህን ያዝ» አሉት።

ሳያስበው ሳቀ። የሰው እጅ ከነካው ስንት ጊዜው ነው! ቀኝ እግሩን ለብ ባለው ውሃ ሲያሹለት ራሱን ረሳና በአገሩ ቅላጼ «ይበቃል ጋሼ፣ አይድከሙ» አለ።

የሽማግሌው እጅ ቆመ።

«ከማዶ ነህ?»

ሊዋሽ ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«አዎ።»

«ልጄን የገደሉት እዚያ ነው።»

እግሩን ከሳፋው ሊያወጣ ሞከረ። ሽማግሌው ተረከዙን አጥብቀው ያዙት። በዙሪያቸው ሰው ሁሉ ይዘምራል። ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከዚያ ፎጣቸውን አንሥተው እግሩን እስከ ጣቶቹ መካከል ድረስ አደረቁለት።

«ግራህን አምጣ» አሉት።