የሥራ አስኪያጁ ሸሚዞች

የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ልብስ አጣቢዋ የጎረቤቶቿን ልብስ ከገመዱ ላይ ሰብስባ ነበር። የቀሩት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነጫጭ ሸሚዞች ብቻ ነበሩ። እጇን ወደ መቆንጠጫው ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ዝናቡ ሊበላቸው እኮ ነው!» አሉ አማቷ ከደጃፉ።

«ለምን ይበላቸዋል እማማ? ትናንት በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ‹የጭስ ማጣሪያው ይሠራል፣ ዝናቡም ንጹህ ነው› ብለውን የለ?» የፋብሪካው ጭስ እየተትጎለጎለ ደመናው ውስጥ ይገባ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ ደመና በወረደው ዝናብ የጓሮዋ ጎመን አርሮ፣ የጣሪያዋ ቆርቆሮ ወንፊት ሆኗል።

ሸሚዛቸውን ሊወስዱ የመጡት ሥራ አስኪያጅ ከመኪናቸው ሲወርዱ ገመዱን አዩ። ወዲያው ጭቃውን እየረገጡ፣ ከረባታቸው ወደ ትከሻቸው ዞሮ፣ እየሮጡ መጥተው ሸሚዞቹን ከገመዱ ይመነጭቁ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ቆሞ ያያቸው ነበር።

አጣቢዋ እጆቿን አጣጥፋ ከፊታቸው ቆመች። ዝናቡ በጉንጮቿ ላይ እየወረደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ይተዉት ጌታዬ፤ ምን ያስሮጥዎታል? ውሃ እኮ ነው።»