ዘመናዊ ቀፎ

እትዬ ስንዱ ተማረዋል። ዱባቸው ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ የለም። የዱባ አበባ ንብ ካልጎበኘው እንደማያፈራ ያውቃሉ። ጎረቤታቸው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ንብ አበባ በምትቀስምበት ሰዓት፣ የተባይ መድኃኒት እየረጨ ንቡን ሁሉ ጨረሰው። ቢለምኑትም ቢቆጡትም አላገጠባቸው።

ሲብስባቸው ከባለሱቁ ስልክ ተውሰው አዲስ አበባ ላለው ልጃቸው ደወሉ። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ዘመናዊ ቀፎ ላክልኝ!» ብለው ጮኹ።

«ሠለጠንሽ በይኛ፣ እማዬ!»

«ባዶውን እንዳትልክ ታዲያ!»

«ሞልቼ ነው የምልክልሽ፣ አታስቢ።»

ዱባው ጥግ የቀፎ ማስቀመጫ ቆጥ አሠሩ። ስንት ቀን መናኸሪያ ከተመላለሱ በኋላ የአውቶቡሱ ረዳት ትንሽ ካርቶን አስታቀፋቸው።

«ይቺ ናት ቀፎ? በእናቱ ይቀልዳል!» ብለው ሊወረውሯት ሲሉ ከውስጧ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ጆሯቸውን ለጠፉባት። እውነትም ትርገበገባለች። ንዴታቸው ብን ብሎ ጠፋ።

እንደ አራስ ልጅ አቅፈዋት ወደ ቤት አዘገሙ። መንገድ ላይ ዝም ስትል «አለቁ» ብለው ይሠጋሉ፤ እንደገና ዝዝ ስትል «ተመስገን» ይላሉ። ቆጡ ላይ አስቀመጧት፣ እንዳይነደፉ በነጠላቸው ተሸፋፈኑ፣ በረጅም እንጨት ክዳኗን ገለበጡት።

አንድ የሚያብረቀርቅ ስልክ ካርቶኑ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«ስንቴ ደወልኩ፣ እማዬ!» አለ ልጃቸው። «ቀፎው አልሠራ አለሽ እንዴ?»