ሁለተኛው ቀስት

ዛሬም፣ ለሰባተኛ ማለዳ፣ ከገውዝ ዛፉ ሥር ላስቲክ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ጉልበቴ ከእርጥበቱ የተነሳ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ልጄ ዴልሲ ከበላዬ ቀርከሃው ውስጥ ናት። አንተያይም።

ቱምፓራ ጭብጥ የምታህል ዓይነ ፈጣጣ ጦጣ ናት፤ ከደሴታችን በቀር የትም የለችም ይላሉ። ሊነጋጋ ሲል ሴቷ ትጮሃለች፣ ባሏ ይመልሳል። ድምፁ በመጣበት በኩል ወረቀቱ ላይ ቀስት አስምረን ደቂቃውን እንጽፋለን። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ጥንድ ካልተሰማ ይህ ተዳፋት ቱምፓራ የሚገኝበትን ቦታ በሚያሳየው ካርታ ላይ «የለም» ተብሎ ይዘጋል።

ወረቀቴ እስከ ትናንት ባዶ ነው።

«በከንቱ ነው የምትለፉት» ብሎን ነበር ጎረቤታችን ኦም ፌስቱስ፤ ኦም አጎት እንደ ማለት ነው። «የመጨረሻዎቹን በአረቄ ያወራረድኳቸው እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ካርታው ላይ የእርስዎን ሆድ እንሥላለን፣ ኦም» አለችው ዴልሲ።

እሳተ ገሞራው ተራራ ያጉረመርማል። በየቀኑ ያጉረመርማል። የባሌን ወንድም ከነማሳው የቀበረውም እንዲሁ ሲያጉረመርም ከርሞ ነው።

ድንገት ሰማኋት። ቀጭን፣ እየወጣች የምትሄድ ፉጨት። አሥራ አንድ ከአርባ አምስት። ቀስቱን አሰመርኩ። እሷም ዝም አለች፤ መልስ ትጠብቃለች።

ከላይ ድንጋይ ተንከባለለ።

«ዴልሲ!»

የጮህኩት እኔ መሆኔን ያወቅሁት ጫካው ጭጭ ካለ በኋላ ነው።

«አለሁ፣ እማ!» አለች። ድምፅዋ ዝሏል።

እስከ አሥራ ሁለት ጠበቅን። ምንም። ጭቃ በጭቃ ሆና ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ድንጋዩ...»

«እግሬ ደንዝዞ ስዘረጋው ነው የገፋሁት።»

«ተራራው የተናደብሽ መስሎኝ።»

«የማይመስልሽ ቀን አለ እንዴ?» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወንዱ ሊመልስላት ነበር?»

«እንጃ፣ እማ። አሁን ማን ያውቃል? ብቻዋን ደግሞ ጥንድ አትባልም።»

ወረቀቴን ተቀበለችኝና አቀርቅራ አየችው። «ይሄ ሁለተኛው ቀስት ምንድን ነው?»

አሥራ አንድ ከአርባ ስድስት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቀርከሃው። መቼ እንዳሰመርኩት አላውቅም።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

ላጲሱን ከኪሷ አወጣች። በጣቶቿ መሃል እያገላበጠች ሁለቱን ቀስቶች ታያለች፤ ለማያውቅ ሰው ጥንድ ናቸው።