የኋላ ኪስ

በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ፣ ሐኪሟ የአውቶቡስ ነጂውን የራዶይን ቀኝ መቀመጫ በአውራ ጣቷ ስትጫነው፣ ሕመሙ እንደ እሳት እስከ ተረከዙ ወረደ።

«ወገብዎ ደህና ነው፣ ጋሼ። መቀመጫዎ ውስጥ ያለው ጡንቻ ነው ነርቩን አንቆ የያዘው። ለመሆኑ ኪስዎ ውስጥ ምን ጠቅጥቀው ነው ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት?»

ራዶይ ከቀኝ የኋላ ኪሱ ወፍራም የኪስ ቦርሳ አወጣ።

«ባንኩን ተሸክመው ነው እንዴ የሚዞሩት!» ብላ ሳቀች።

ራዶይ ከፍቶ አሳያት። የሟች ልጁ መንጃ ፈቃድ ነበረ። ከሥሩ፣ እንደ አገሩ ልማድ ሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር የቤታቸው በር ላይ የሚለጥፏቸው፣ የልጁ ፎቶ ያለባቸው ወረቀቶች ታጥፈው ተደራርበዋል። የዘንድሮው ስድስተኛው ነው።

ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። «ይሄን... ቤት ቢያስቀምጡት» አለች ቀስ ብላ።

ራዶይ ቦርሳውን በመዳፉ ደባበሰና ወደ ግራው የኋላ ኪሱ ከተተው።

«ግራው ገና ጤነኛ ነው፣ ልጄ» አላት።