መርዶው ይቆይ

የዝነኛዋ ዘፋኝ የወርቂቱ ማናጀር ሲሳይ ገና ቁርሱን ሳይጨርስ ስልክ ተደወለለት። አርባ ምንጭ አጠገብ ካለው የትውልድ መንደሯ ከኦቾሎ ነው፤ አጎቷ አቶ ሰይፈሥላሴ ናቸው። የወርቂቱ ታናሽ እህት አርሴማ ሦስት ቀን በትኩሳት ታማ ሌሊቱን አርፋለች። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

«ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። እናቷ፣ ወርቂቱ ሳትደርስ አይሆንም ብላለች። ቶሎ አምጣልን» አሉት።

እሺ ብሎ ስልኩን አጠፋ። እሺ ያለው አፉ ብቻ ነው። ሁለት አልበሟ ተከታትሎ ከከሸፈ ወዲህ እሷንም እሱንም የሚያነሳቸው የዛሬው የአርባ ምንጭ መድረክ ነበር። ደግሞስ መርዶ እንዲህ በድንገት ይነገራል? ሲነጋ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። የሞተችው እናቷ ብትሆን ኖሮ አያደርገውም ነበር። እህት ናት፤ ይቆይ።

ድምፅሽን አሳርፊ ብሎ የእሷንም ስልክ ወሰደባት።

«አርሴማ ትደውላለች» አለችው። «የላክሁላት ጫማ ልኳ እንደሆነ ልትነግረኝ።»

«ከዘፈንሽ በኋላ» አላት፣ ዐይኗን ሳያይ።

ስምንት ሰዓት ላይ መድረክ ወጣች። ሕዝቡ የጠየቃት ያንኑ እሹሩሩ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ከኦቾሎ በወጣች በዓመቱ የዘፈነችውን፣ ያገነናትን። ሐሜተኛው ያልወለደች እሹሩሩ ምን አስተማራት ይላል። ባሏም መካን ናት እያለ አስወርቶ ነው የፈታት። ወርቂቱ አንድም ቀን መልስ ሰጥታ አታውቅም፤ ብርጭቋን ታነሳለች እንጂ። የዚያን ቀን እንደዘፈነችው ግን ዘፍና አታውቅም። ሰዉ አለቀሰ። ሲሳይ ደስ አለው፤ ጥቂትም አፈረ።

እሑድ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ያረፈችበት ሆቴል ደረሱ። ወርቂቱ በሩን ከፍታ ስታያቸው ፊቷ አመድ መሰለ።

«እናቴ ናት?»

እናቷ ወይዘሮ አገርነሽ ከኋላቸው ብቅ አሉ። የዛሬ ሃያ ዓመት ባላቸውን ሲቀብሩ የለበሱትን ጥቁር ዛሬም አላወለቁትም። ሲሳይ እናቷን በሕይወት ስታይ ትጽናናለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ጭራሽ የበሩን መቃን ይዛ ቁጭ አለች።

«እህትሽን አርሴማን ትናንት ቀበርናት» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅንሽ።»

«እህትሽ አትበሉኝ» አለች ወርቂቱ። «አንድ ቀን እንኳ ልጄ ሳልላት ቀበራችኋት?»